ጠላቶቹ በአንድ ተራራ ላይ፦ የጥንቷ ህንድ መንግሥታት እየተዋጉ እንዴት ተማማሩ?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ትምህርት ቤት የተማርነው የጥንቷ ህንድ ታሪክ ማውርያና ጉፕታ የሚባሉት ሁለት ትልልቅ የሰሜን መንግሥታት ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አምስት መቶ ዓመት ትናንሽ ነገሥታት እርስ በርስ የተፋጁበት ዘመን ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ እየተዋጉ ባህል የተለዋወጡት እንዴት ነው? ባህሉስ ከሰሜን ወደ ደቡብ ብቻ ነው የወረደው? ደብረ ዳሞ ላይ የህንድ ወርቅ ተገኘ የሚባለውስ እውነት ነው?»

ጠያቂያችን፣ «እየተዋጉ» ካሏት ቃል ልነሳ። ጦርነት ካለ መንገድ ይዘጋል፣ መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ባህል አይሻገርም ብለን እናስባለን። ከዚያ ዘመን የተረፉልን የድንጋይ ላይ ጽሑፎችና ሳንቲሞች ግን ሌላ ነገር ይነግሩናል። ያሸነፈው የተሸነፈውን ገንዘብ፣ ቋንቋና የግንባታ ሙያ ወሰደ፤ የተሸነፈውም ከአሸናፊው ወሰደ። ከመሃል ተቀምጦ ባህል ያደለ አንድ ትልቅ መንግሥት አልነበረም። ልውውጡን ያካሄዱት የሚፎካከሩት የየአካባቢው መንግሥታት ናቸው፤ ከእነሱም ጋር ነጋዴዎች፣ መነኮሳትና ለጋብቻ አገር ያቋረጡ ሴቶች። በደፈናው ከማወራ አንድ ቦታ ይዤዎት ልሂድ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሙምባይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄዱ ናሺክ የምትባል ከተማ አለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ ተራራ ወገብ ላይ፣ ከአለት ተፈልፍለው የተሠሩ ሃያ አራት ዋሻዎች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። የቡድሂስት መነኮሳት መኖሪያና መጸለያ ነበሩ። በተማሪነቴ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ዋሻዎቹን በቁጥራቸው ተራ እያየሁ ስሄድ፣ የሁለት ባላንጣ ቤተ መንግሥቶች ስጦታ ጎን ለጎን እንዳለ ያስተዋልኩት ጽሑፎቹን ማንበብ ስጀምር ነው።

አሥረኛው ዋሻ የኡሻቫዳታ ነው። ኡሻቫዳታ የንጉሥ ናሃፓና አማች ነበር። ናሃፓና ደግሞ ከመካከለኛው እስያ መጥተው በምዕራብ ህንድ ከነገሡት ሻካዎች፣ ክሻሃራታ ከሚባለው ቤት ነው። ኡሻቫዳታ ዋሻውን አስፈልፍሎ ብቻ አልተወም፤ መነኮሳቱ የሚለብሱትን አስቦ 3,000 ካሃፓና፣ ማለትም የብር ገንዘብ፣ ከተማው ውስጥ ባሉ የሸማኔ ማኅበራት ዘንድ አስቀመጠ። 2,000ው በአንደኛው ማኅበር በወር ከመቶ አንድ፣ 1,000ው በሌላኛው በወር ከመቶ ሦስት ሩብ እንዲወልድ። ዋናው እንዳይነካ፣ ወለዱ ብቻ እንዲበላ ተጻፈ። ስሌቱን ራስዎ ይሥሩት፦ ከ2,000 ላይ በወር 20፣ በዓመት 240 ይወጣል። ጽሑፉ በዋሻው ክረምቱን ለሚያሳልፉ ሃያ መነኮሳት ለእያንዳንዳቸው የልብስ 12 ይሰጥ ይላል። ሃያ ጊዜ አሥራ ሁለት 240። አንድ ሳንቲም ዝንፍ አይልም።

ይህ ሒሳብ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። አያቶቹ ፈረሰኛ ወራሪዎች የነበሩ ሰው፣ የአገሬውን ሃይማኖት መነኮሳት ለማልበስ የአገሬውን ሸማኔዎች አምኖ ገንዘቡን ለዘላለም ያስረክባል። ነገሥታት ሲቀያየሩ ማኅበሩ እንደሚቀጥል እርግጠኛ ነበር ማለት ነው። በዚያው ተራራ ያለው ሌላ ጽሑፉ ደግሞ ለብራህሚኖች፣ ማለትም ለሂንዱ ካህናት፣ የሰጣቸውን ላሞች፣ በባሩካቻና በሌሎች ከተሞች ያሠራቸውን የእንግዳ ማረፊያዎች፣ መንገደኛ በነጻ እንዲሻገር በወንዞች ላይ ያቆማቸውን ጀልባዎች ይዘረዝራል። ባህል ከቦታ ቦታ እንዴት ሄደ ለሚለው ጥያቄዎ ከእነዚህ ጀልባዎች የተሻለ መልስ የለኝም። ባሩካቻ የምትባለዋን ከተማ ያስታውሱልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዋሻ እንሂድ። ይህኛው የሳታቫሃናዎች ነው። ሳታቫሃናዎች በደካን አምባ ላይ የነገሡ፣ የሻካዎቹ ቀንደኛ ተቀናቃኝ ነበሩ። ጋውታሚፑትራ ሳታካርኒ የሚባለው ንጉሣቸው ናሃፓናን አሸነፈ። ንጉሡ ከሞተ በኋላ፣ በልጁ በፑሉማቪ 19ኛ የንግሥ ዓመት፣ እናቱ ባላሽሪ ዋሻውን ለመነኮሳት ሰጠችና ስለ ልጇ ረጅም ውዳሴ አስቀረጸች። ሻካዎችን፣ ያቫናዎችንና ፓህላቫዎችን ያጠፋ፣ የክሻሃራታን ዘር ያለ ቅሪት የነቀለ፣ አራቱ የትውልድ መደቦች እንዳይቀላቀሉ ያደረገ እያለች ታወድሰዋለች። ያቫና የሚባሉት ግሪኮች፣ ፓህላቫ የሚባሉት ከኢራን ወገን የመጡት ናቸው። «ያለ ቅሪት የነቀለ» የሚለው ጽሑፍ ካለበት ዋሻ እስከ ኡሻቫዳታ ዋሻ ድረስ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ኡሻቫዳታ ያስቀረጸውን የነካው የለም። እንዲያውም የእናትየዋ ዋሻ ምሰሶዎች የጠላትን ዋሻ ምሰሶዎች ይመስላሉ፤ ጉልላታቸው እንደ ደወል የወረደ፣ በላዩ እንስሳት የተቀመጡበት። ጋውታሚፑትራ ራሱ በድሉ ማግስት ያወጣው ትእዛዝም እዚያው ግድግዳ ላይ አለ፤ እስከ ዛሬ የኡሻቫዳታ የነበረውን 200 ኒቫርታና (የዘመኑ የመሬት መለኪያ ነው) መሬት ለመነኮሳቱ ሰጥቻለሁ ይላል። መሬቱ ባለቤት ቀየረ፤ መነኮሳቱ ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

በዚሁ ረድፍ 17ኛውን ዋሻ የሰጠው ደግሞ ኢንድራግኒዳታ የሚባል፣ ራሱን «የሰሜን ሰው፣ ያቫና» ብሎ የሚያስተዋውቅ ነው። የአባቱ ስም ዳማዴቫ ነው። አባትና ልጅ የህንድ ስም ይዘው ግሪክ ነን ይላሉ። እናት በሦስተኛው ዋሻ ልጇ ያጠፋቸው ብላ የምትቆጥራቸው ሕዝቦች በ17ኛው ዋሻ መጽዋች ሆነው ተቀምጠዋል። በጥንት ነገሥታት ውዳሴ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ታሪክ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለተማሪዎቼ ማሳየት ስፈልግ ይህን ተራራ ነው የምጠቅሰው።

ስለ ድሉ ሌላ ምስክር አለን። በ1906 በዚሁ በናሺክ አካባቢ፣ ጆጋልቴምቢ በተባለ መንደር ከ13,000 በላይ የብር ሳንቲሞች ተቀብረው ተገኙ። ሁሉም የናሃፓና ናቸው፤ ከእነሱ ግን ከ9,000 የሚበልጡት ላይ ጋውታሚፑትራ የራሱን ማኅተም ደርቦ መትቶባቸዋል። ከእነዚህ አንዱን በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ከጣት ጥፍር ብዙ አይበልጥም። ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት በመጀመሪያ የሚታየው የሳታቫሃናዎቹ ምልክት፣ ሦስት ቅስት ያለው ኮረብታ ነው። ትንሽ ሲያዞሩት ከኮረብታው ሥር የናሃፓና አፍንጫና አገጭ ብቅ ይላል። ዳር ዳሩን የተሰባበሩ የግሪክ ፊደላት አሉ። በጀርባው ደግሞ የድሮው ጽሑፍ ብራህሚና ካሮሽቲ በሚባሉ ሁለት የህንድ ፊደላት ነበር። አንዲት ቅንጣት ብር ላይ ሦስት ፊደል፣ ሁለት ንጉሥ።

ሳንቲሞቹን ለምን አላቀለጣቸውም? ገበያው ስለለመዳቸው ነው። ነጋዴው ክብደታቸውን ያውቃል፣ ብራቸውን ያምናል። ከዚህ የሚበልጠው የኋላው ነው፤ የጋውታሚፑትራ ተከታዮች በጠላት ሳንቲም አምሳል፣ የንጉሥ ፊት ያለበት ብር ራሳቸው ማስመታት ጀመሩ። በአንድ ወገን በፕራክሪት፣ ያን ጊዜ ሕዝቡ ለሚናገረው በቀረበው ቋንቋ፣ በሌላው ወገን ለታሚል ቅርብ በሆነ የደቡብ ቋንቋ የንጉሡን ስም ጻፉበት። የሳንቲሙ መልክ ከግሪክ ወደ ሻካ፣ ከሻካ ወደ ሳታቫሃና ተሻግሮ፣ እዚያ ሲደርስ የደቡብ ቋንቋ ተሸከመ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ400 አካባቢ፣ የጉፕታው ቻንድራጉፕታ ዳግማዊ ምዕራቡን ከሻካዎቹ ወራሾች ሲወስድም ያንኑ አደረገ። ብሩን በእነሱ ልክና መልክ አስመታ፤ ማንም የማያነባቸው የግሪክ ፊደላት ርዝራዥ ጭምር እንዳለ ቀረ። ትልቁ የሰሜን መንግሥት ከተሸነፈ የአካባቢ መንግሥት ተማረ ማለት ነው።

ከገንዘብ ወደ ቋንቋ ልሻገር። በጉጃራት፣ በጊርናር ተራራ ግርጌ አንድ ትልቅ አለት አለ። በላዩ ላይ ሦስት መንግሥታት ጽፈውበታል፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የማውርያው አሾካ፣ በ150 የሻካው ሩድራዳማን፣ በአምስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የጉፕታው ስካንዳጉፕታ። የሩድራዳማን ጽሑፍ የሚያወራው ስለ አንድ ግድብ ነው። ሱዳርሻና የሚባለው ሐይቅ በቻንድራጉፕታ ማውርያ ዘመን ፑሽያጉፕታ በተባለ የአካባቢ ገዥ ተሠራ፤ በአሾካ ዘመን ቱሻስፋ የተባለ ያቫና ገዥ ቦዮችን ጨመረለት። ከዚያ ከባድ ማዕበል መጣና ግድቡን 420 ክንድ በ420 ክንድ፣ ጥልቀቱ 75 ክንድ በሆነ ስፋት ደረመሰው። የንጉሡ አማካሪዎች ሥራው አይቻልም ብለው አፈገፈጉ፤ ሕዝቡ ተስፋ ቆርጦ አለቀሰ። ሱቪሻካ የሚባል ፓህላቫ ሹም ግን ሥራውን ወሰደና ጨረሰው። ወጪው ከንጉሡ ግምጃ ቤት ወጣ እንጂ ከሕዝብ ግብርም የጉልበት ሥራም አልተጠየቀም ይላል ጽሑፉ። አንድ የውኃ ሥራ ላይ የአገሬው ሰው፣ ከግሪክ ወገን የሆነው፣ ከኢራን ወገን የሆነው፣ ሻካው፣ በኋላም ጉፕታዎቹ እጃቸውን አሳርፈዋል።

ይህ ጽሑፍ ሌላም ትልቅ ነገር አለው፤ በጠራ ሳንስክሪት የተጻፈ የመጀመሪያው ረጅም የንጉሥ ጽሑፍ ነው። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ በድንጋይ ላይ የሚጽፉት በፕራክሪት፣ ሕዝቡ ለሚናገረው በቀረበው ቋንቋ ነበር። ሳንስክሪት የብራህሚኖች የአምልኮና የትምህርት ቋንቋ ነው። እንግዲህ ይታይዎ፦ ብራህሚን ነን ብለው የሚኩራሩት ሳታቫሃናዎች በፕራክሪት ሲጽፉ፣ ባዕድ የሚባለው ሻካ ሳንስክሪትን ከቤተ መቅደስ አውጥቶ የቤተ መንግሥት ቋንቋ አደረገው። በኋላ ከጉፕታ እስከ ደቡብ ፓላቫዎች፣ ባሕር ተሻግሮም እስከ ካምቦዲያና ጃቫ ነገሥታት ድረስ የተዛመተው ይህ ልማድ ነው። እኔ ምክንያቱን የማየው በባዕድነቱ ውስጥ ነው። የትውልድ ሐረጉ ሊያስከብረው ያልቻለ ንጉሥ በቋንቋው ሊከበር ፈለገ።

በዚያው ጽሑፍ ሩድራዳማን የደካኑን ጌታ ሳታካርኒን ሁለት ጊዜ በጦር ሜዳ አሸንፌ፣ ስለ ቅርብ ዝምድናችን ግን አላጠፋሁትም ይላል። ዝምድናው ምንድን ነው? ሙምባይ አጠገብ ካንሄሪ የሚባሉ ዋሻዎች ላይ ያለ ጽሑፍ አንዲት የሳታቫሃና ንግሥት ከሻካው ታላቅ ገዥ እንደምትወለድ ይመሰክራል። መደቦች እንዳይቀላቀሉ ያደረገ ተብሎ የተወደሰው ንጉሥ ቤት፣ አጠፋኋቸው ካላቸው ሰዎች ልጅ አገባ።

ሴቶቹን በዚህ አላልፍም። በዛሬዋ አንድራ በናጋርጁናኮንዳ የነገሡት ኢክሽቫኩዎች፣ ነገሥታቱ በብራህሚኖች ቅዱሳት መጻሕፍት፣ በቬዳ፣ ሥርዓት መሥዋዕት ሲያቀርቡ፣ የቤተ መንግሥቱ ሴቶች የቡድሃን ገዳማት ሠርተዋል። ትልቁን መቅደስ ያሳነጸችው ቻምቲሲሪ የንጉሡ እህት ናት። ከንግሥቶቹ አንዷ የመጣችው ከሩቅ ኡጄን፣ ከሻካዎቹ አገር ነው። ከስሪላንካ የመጡ መነኮሳትም እዚያ የራሳቸው ገዳም ነበራቸው። ከእሷ በኋላ ደግሞ ፕራባቫቲጉፕታ አለች፤ የቻንድራጉፕታ ዳግማዊ ልጅ ሆና ለደካኑ የቫካታካ ንጉሥ ተዳረች፣ ባሏ ሲሞት ስለ ልጆቿ መንግሥቱን ራሷ መራች። በመዳብ ሠሌዳ ላይ ባወጣችው የርስት ስጦታ የምትቆጥረው የባሏን ሳይሆን የአባቷን የጉፕታን የዘር ሐረግ ነው። አጃንታ ዋሻዎች ውስጥ የምናደንቃቸው ሥዕሎች ብዙዎቹ የተሠሩት በእነዚሁ በቫካታካዎች ዘመን ነው። ሙሽራ ስትሄድ ጸሐፊዋ፣ ካህኗ፣ ባለሙያዋ አብሯት ይሄዳል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ባህሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ ብቻ ነው ወይ የሚል ነበር። አይደለም። የሰሜኑ ወደ ደቡብ መውረዱ እርግጥ ነው። ፊደል ወርዷል፤ ሳንስክሪት ወርዷል፤ የቡድሃና የጃይና መነኮሳት ወርደዋል። ነገር ግን አሾካ በአዋጆቹ ቾላን፣ ፓንድያንና የኬራላን ገዥ የሚጠራቸው ከግዛቱ ወሰን ውጭ ያሉ ጎረቤቶች አድርጎ ነው። የታሚል አገር በማውርያ አልተገዛችም። ብራህሚ የሚባለውን የሰሜን ፊደል ስትቀበልም እንዳለ አልወሰደችውም። በታሚል የማያስፈልጉትን ድምፆች ጣለች፤ በሰሜን ቋንቋዎች ለሌሉት ለራሷ ድምፆች አዲስ ፊደል ቀረጸች። አማርኛ ለ«ሸ»፣ ለ«ቸ» እና ለ«ጨ» በግዕዙ ፊደል ላይ ምልክት እንደጨመረው ያለ ነው። ደቡቡ የራሱ ንግድም ነበረው። በዛሬዋ ኬራላ ከነበረችው ከሙዚሪስ ወደብ ቁንዶ በርበሬ በመርከብ ወደ ቀይ ባሕር ይሄድ ነበር፤ በግብፅ ቤሬኒኬ ወደብ ቁፋሮ ሰባት ኪሎ ተኩል ያህል የህንድ ቁንዶ በርበሬ በህንድ ማሰሮ እንዳለ ተገኝቷል። ለዚህ ሁሉ የሰሜን ንጉሥ ፈቃድ አላስፈለገም።

ከደቡብ ወደ ላይ ስለወጣው ግን አንዱን ታሪክ በደንብ ልንገርዎት። ከጥንቱ ዘመን ማብቂያ ላይ ያለ ነው፤ የምወደውም ነው።

ፓላቫዎች በታሚል አገር፣ በካንቺ ነግሠው ነበር። ቻሉክያዎች ደግሞ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በዛሬዋ ካርናታካ፣ በቫታፒ። ሁለቱ ቤቶች ደመኞች ነበሩ። በ642 የፓላቫው ናራሲምሃቫርማን ቫታፒን ያዘ፤ «ቫታፒን የወሰደ» የሚል ማዕረግም ለራሱ አወጣ፤ በከተማዋ አለት ላይም አስጻፈ። ቻሉክያዎቹ ይህን አልረሱም። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ፣ ከ733 እስከ 744 የነገሠው ቪክራማዲትያ ዳግማዊ ካንቺ ገባ። እንግዲህ በቀል ይጠበቃል፤ ከተማዋ ትቃጠላለች፣ መቅደሱ ይዘረፋል።

ካንቺ ውስጥ ካይላሳናታ የሚባል፣ የሂንዱው አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ አለ፣ ከአሸዋ ድንጋይ የተሠራ። ከመቅደሱ ፊት ባለው አዳራሽ አንድ ምሰሶ ጀርባ ላይ አንድ ጽሑፍ ተቀርጿል። ቋንቋው ታሚል አይደለም፤ ካንናዳ ነው፣ የጠላት ቋንቋ። ቪክራማዲትያ ካንቺን ድል አድርጎ ገባ፣ የመቅደሱን ሀብት አየ፣ አልወሰደም፣ ለአምላኩ መልሶ ሰጠ ይላል። ይህን ጽሑፍ የሚያጠፋም የተረገመ ይሁን ይላል። ፓላቫዎቹ ካንቺ ተመልሰው ከገቡ በኋላም ጽሑፉን አልፋቁትም፤ ዛሬም ይነበባል።

ንጉሡ ሀብቱን ተወና ሌላ ነገር ይዞ ተመለሰ። ንግሥቱ ሎካማሃዴቪ፣ ካንቺን የመያዙን መታሰቢያ በቫታፒ አቅራቢያ በፓታዳካል ቤተ መቅደስ አሠራች። ዛሬ ቪሩፓክሻ ይባላል። ካይላሳናታን ያየ ሰው ቪሩፓክሻ ፊት ሲቆም ወዲያው ያውቀዋል። ፎቅ በፎቅ እየጠበበ የሚወጣው ጉልላት፣ ዙሪያውን የከበበው አጥር፣ በግድግዳው የተደረደሩት ትናንሽ ቤተ መቅደስ የሚመስሉ ጌጦች ከካንቺ የመጡ ናቸው። የዋናው አናጺ ስም በመግቢያው ላይ ተጽፏል፦ ጉንዳ፤ «የደቡብ አገር አናጺ» ይለዋል። ንጉሡ ማዕረግ ጨመረለት። በዚያ ዘመን የአናጺ ስም በንጉሥ ስም አጠገብ ተጽፎ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ፓታዳካል የሄዱ እንደሆነ የሚያስደንቅዎ ሌላም አለ። ከቪሩፓክሻ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው በሰሜኑ ስልት የተሠሩ፣ ጣራቸው ጎበጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሾል ቤተ መቅደሶች አሉ። ፓፓናታ የሚባለው ደግሞ ሁለቱን ስልት በአንድ ሕንፃ ላይ ይዟል፤ ጉልላቱ የሰሜን፣ የግድግዳው ላይ ጌጥ የደቡብ። ሠሪዎቹ ሁለቱንም እያዩ፣ የወደዱትን እየመረጡ ነው የሠሩት። ጉዳዩ በዚያ አላበቃም። ቻሉክያዎቹን የተኩት ራሽትራኩታዎች በኤሎራ ከላይ ወደ ታች ከአንድ አለት ያስፈለፈሉት የካይላሳ ቤተ መቅደስ የቪሩፓክሻን አምሳል ይከተላል። ስልቱ ከካንቺ ወደ ፓታዳካል፣ ከፓታዳካል ወደ ኤሎራ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ወጣ፤ መንገዱን የከፈተውም ጦር ነው።

ይህን ስል ጦርነቱን ማሳመሬ እንዳይመስልዎ። አሾካ ስለ ካሊንጋ ዘመቻው ራሱ በአለት ላይ ባስጻፈው፣ 150,000 ሰው ከአገሩ ተነቅሎ ተወሰደ፣ 100,000 ተገደለ፣ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚሆን አለቀ ይላል። የተነቀሉት ሰዎች ስም በየትም አልተጻፈም። እኛ የምናነበው የመጽዋቾቹንና የአሸናፊዎቹን ነው። ስለ ልውውጥ የምነግርዎት ሁሉ ድንጋይ ማስቀረጽ በቻሉ ሰዎች በኩል የመጣ መሆኑን ይያዙልኝ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ደብረ ዳሞ ነው። አዎ፣ እውነት ነው። በ1940 ገደማ በደብረ ዳሞ ከመቶ በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ኩሻኖች ከመካከለኛው እስያ ተነስተው ከባክትሪያ፣ ከዛሬዋ ሰሜን አፍጋኒስታን አካባቢ፣ እስከ ጋንጀስ ሸለቆ የገዙ ናቸው፤ የሳንቲሞቹም ነገሥታት ቪማ ካድፊሰስ፣ ካኒሽካ፣ ሁቪሽካና ቫሱዴቫ ናቸው። ካኒሽካ በሁለተኛው መቶ ዓመት ያስመታቸውን ወርቆች ያየ ሰው በአንድ ፊታቸው ረጅም ካፖርትና ቦት ጫማ ያደረገ ንጉሥ ያያል፤ በጀርባቸው አንዱ የኢራን አምላክ፣ አንዱ ሺቫን የሚመስል፣ ጥቂቶቹ ደግሞ «ቦዶ» ተብሎ በግሪክ ፊደል የተጻፈበት ቡድሃ ራሱ። ጽሑፉ በግሪክ ፊደል ሆኖ ቋንቋው የባክትሪያ ነው።

ሳንቲሞቹ አቡነ አረጋዊ ገዳሙን ከመሠረቱበት ከስድስተኛው መቶ ዓመት በብዙ ይቀድማሉ። ኩሻኖች ትግራይ ደርሰዋል ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። ወርቅ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ የመጣው በነጋዴ ነው ብዬ አምናለሁ። ነጋዴ እንደነበረ ደግሞ የምናውቀው ነው። በአንደኛው መቶ ዓመት በግሪክ የተጻፈው የቀይ ባሕርና የህንድ ውቅያኖስ የመርከበኞች መምሪያ፣ ከምዕራብ ህንድ ብረት፣ ብረት አረብና የጥጥ ጨርቅ ወደ አዱሊስ እንደሚገባ ይዘረዝራል። የአክሱም ሳንቲሞችም በደቡብ ህንድ ተገኝተዋል። ያው መምሪያ ስለ ባሩካቻ ሲያወራ፣ ግሪኮቹ ባሪጋዛ ይሏታል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበሩት የአፖሎዶቶስና የሜናንደር ሳንቲሞች በገበያዋ ዛሬም ይሠራሉ ይላል። ሁለቱም በሰሜን ምዕራብ ህንድ የነገሡ ግሪኮች ናቸው፤ መንግሥታቸው ፈርሶ ብራቸው ቀርቷል።

የባሩካቻ፣ ኡሻቫዳታ የእንግዳ ማረፊያ ያሠራባት ወደብ፣ ስም ከአፍሪካ ቀንድ ወጣ ብላ ባለችው በሶቆጥራ ደሴት ላይም ተጽፎ ይገኛል። በደሴቷ ሆቅ የሚባል ረጅም ጨለማ ዋሻ ውስጥ፣ ከመግቢያው ርቆ፣ ጥንት መርከበኞች በግድግዳውና በወለሉ ላይ ስማቸውን ጽፈው ሄደዋል። ከጽሑፎቹ የሚበዙት በብራህሚ ፊደል ናቸው፤ ጥቂቶቹ በደቡብ ዓረብ፣ በግሪክ፣ በፓልሚራ ፊደል፤ የግዕዝ ፊደልም አለ። ብዙዎቹ «እገሌ መጣ» ከማለት አያልፉም። ከህንዶቹ ግን አንዳንዶቹ አገራቸውን ጨምረው ጽፈዋል፤ ከባሩካቻ።